የእማዬ ስለት እና የሚስ ሩት ጀልባ

አትላንታ መሀል፣ ሚድታውን ውስጥ ከምሠራበት ሕንፃ ፊት ለፊት የባንዲራ ብረት ቆሟል። ዝናብ ሊመጣ ሲል ነፋሱ ገመዱን እያነሣ ከብረቱ ጋር ያላትመዋል፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ የማያቋርጥ ድምፅ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቁሮ ያ ድምፅ ሲጀምር ባልደረቦቼ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ማውራት ያዙ፤ እኔ ግን የጀመርኩትን ኢሜይል ትቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩና ዛፎቹ ወዴት እንደሚያዘነብሉ ማየት ጀመርኩ። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ነበር። እንዲህ ያለው ነፋስ ሲመጣ የጀልባ ሸራ ይቀነሳል እንጂ ወደ ቤት አይገባም ብላ ያስተማረችኝ ሴት ዛሬ በሕይወት የለችም።

አትላንታ ባሕር የላትም። ከውቅያኖሱ ዳር ለመድረስ ግማሽ ቀን መንዳት ያስፈልጋል። ከከተማው በስተሰሜን ግን ሰው የሠራው ሰፊ ሐይቅ አለ፤ በአንደኛው ጥግ፣ ከጥድ ዛፎች ሥር፣ እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ የጀልባ ክለብ ነበር። አባላቱ በአዘቦት ቀን የጥርስ ሐኪሞች፣ የሒሳብ ሰዎች፣ ጡረታ የወጡ አብራሪዎች ናቸው፤ እሑድ ሲሆን ግን ነጭ ሱሪ ለብሰው፣ መልሕቅ የተጠለፈበት ቆብ ደፍተው እንደ ባሕር ኃይል አዛዥ እርስ በርሳቸው «ኮሞዶር» ይባባላሉ። ጨው ቀምሰው የማያውቁት ጀልባዎቻቸው ከፊታቸው የአውሎ ነፋስ ወቅት ያለ ይመስል በባንዲራና በገመድ ተተብትበው ይቆማሉ። መጀመሪያ በሆዴ ስቄባቸዋለሁ። ኋላ ከእነርሱ ይልቅ ገመዱን በሥርዓት የምጠቀልል እኔ ሆንኩ።

እዚያ የደረስኩት በለቅሶ በኩል ነው። እማዬ በዚያን ዘመን ከምንኖርበት ከሊልበርን እየተነሣች አረጋውያንን በየቤታቸው ትንከባከብ ነበርና የሚስ ሩትን ባል እስኪሞት ድረስ አስታመመችው። የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች ትልቅ ሴትን በስሟ ላይ «ሚስ» ጨምረው ነው የሚጠሩት፤ አባዬ ይህ የእነርሱ «እትዬ» ነው ይል ነበር። በቀብሩ ማግሥት እማዬ ልትጠይቃት ብትሄድ ሚስ ሩት ብቻዋን ቁጭ ብላ ቴሌቪዥን ታያለች፤ አጠገቧ አንድም ሰው የለም። ይህ ከሞቱ ይልቅ እማዬን አስደነገጣት። ሐዘንተኛ እንዴት ብቻውን ይተዋል? ስለዚህ ሚስ ሩት «እሑድ ከሰዓት ልጅሽ ክለቤ ድረስ ብትመጣልኝ ደስ ይለኛል» ስትላት ሁለቴ ሳታስብ እሺ አለች። እንደ እማዬ ግምት፣ ከቅዳሴ መልስ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አጠገብ በጸጥታ የሚቀመጥ ሰው መላኳ ነበር፤ ለጸጥታ ደግሞ ከእኔ የተሻለ አልነበራትም። እንግዳ ቤታችን በመጣ ቁጥር «ይህች ልጅ አፍ የላትም እንዴ?» የምባል ልጅ ነበርኩ።

ሚስ ሩት የፈለገችው ግን ማጽናኛ አልነበረም። ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ሰማያዊ ጀልባ ነበራት፤ ባሏ ፊት ተቀምጦ ትንሹን ሸራ ይስባል፣ እርሷ ኋላ ሆና መሪውን ትይዛለች። አሁን የፊቱ ቦታ ባዶ ነው። በመጀመሪያው እሑድ መዋኘት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ አልኳት። ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት ላይፍ ጃኬት ወረወረችልኝና ባሏ ደግ ሰው እንደነበር፣ ሲያወራ ግን ነፋሱ እንደሚያመልጠው፣ እኔን የመረጠችኝ ዝም ስለምል እንደሆነ ነገረችኝ። በዕድሜዬ ዝምታዬን እንደ ችሎታ የቆጠረልኝ የመጀመሪያው ሰው እርሷ ናት።

ከዚያ ቀን በኋላ እሑድን የማያት በሌላ ዓይን ሆነ። ነፋስ ከመድረሱ በፊት ውሃው ላይ እንደ ጥላ ጠቁሮ እየሮጠ እንደሚመጣ፣ ሸራው ሲሞላ ጀልባው አንድ ጊዜ ቃትቶ እንደሚቀል፣ ሸራውን ከሥር የያዘው አግዳሚ ሲዞር ቶሎ ያላጎነበሰ ግንባሩ እንደሚያብጥ ተማርኩ። መዳፌ በገመድ ተልጦ፣ አፍንጫዬ ፀሐይ መትቶት፣ ጸጉሬ ሐይቅ ሐይቅ እየሸተተ ወደ ቤት እገባለሁ። እማዬ ምን ስታደርጉ ዋላችሁ ስትለኝ አብረን ዋልን እላለሁ። አብረን ነበር የዋልነው። የት ላይ እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በዚህ ራሴን አልወቅስም።

የሚያደርሰኝ አባዬ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ኢስት ፖይንት ውስጥ ከመኪና ማቆሚያ ወደ ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ ቆይቶ በዕረፍት ቀኑ እኔን ለማድረስ እንደገና መሪ ይይዛል። የክለቡ ደንብ በፀደይ አንድ ቀን አባላትና ዘመዶቻቸው ተሰብስበው በገዛ እጃቸው ክለቡን እንዲጠግኑ ያዛል። አባዬ «ክለብ» የሚለውን እንጂ «ጥገና» የሚለውን ልብ ስላላለው ሙሉ ልብሱን ከነከረባቱ ለብሶ መጣ። ሐኪሞቹ ሁሉ የተቀደደ ሱሪ ለብሰው ቀለም ይፍቃሉ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ጀልባዎቹ በሚታሰሩበት፣ ውሃው ላይ በተዘረጋው የእንጨት መድረክ ላይ ሲመላለስ ከመንግሥት የመጣ ተቆጣጣሪ መሰላቸው፤ የክለቡ ሹም የሆነው ዋናው ኮሞዶር ራሱ ቆቡን አውልቆ ቀረበና የበሰበሱት ሳንቃዎች በቅርቡ እንደሚቀየሩ በትሕትና አስረዳው። አባዬም በትሕትና ራሱን እየነቀነቀ ሰማው፤ አንዱን ሳንቃ በጫማው ነካ አድርጎ «ይሄ ቶሎ ነው መቀየር ያለበት» አለው። ሚስ ሩት ጉዳዩን ስታስረዳ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ አባዬም ኮቱን አውልቆ ከነከረባቱ ሚስማር ሲመታ ዋለ።

እማዬ የመጣችው በሐምሌ ነው። ክለቡ ለአባላቱ ግብዣ ነበረውና እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሳህን ምግብ እንዲያመጣ ተባለ። እማዬ ለአንድ ሳህን ብላ መሥራት አታውቅበትም፤ ለሠርግ እንደሚሠራ አድርጋ ሠርታ፣ ነጭ ለብሳ፣ ትልቁን ትሪ ከአባዬ ጋር ግራና ቀኝ ይዘው ወደ መድረኩ መጡ። ልጄ የት ናት ብላ ጠየቀችው። አባዬ በአገጩ ወደ ውሃው አመለከታት። እኔ ነጭ ልብሷን ከሩቅ አየሁና እጄን አወዛወዝኩላት፤ ነፋሱ ጀልባችንን አጋድሎት ስለነበር ግማሽ አካሌ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሏል። እማዬ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ዞረች፣ ሄዳ መኪናው ውስጥ ተቀመጠች።

ማታውኑ ለአባዬም ነግራው የማታውቀውን ነገረችን። እኔ ሳልወለድ በፊት ወደ የመን በጀልባ እንደተሻገረች እናውቅ ነበር። ያላወቅነው፣ ማዕበሉ ሲነሣና ከጎኗ የነበሩት ሲጠፉ ለገብርኤል የተሳለችውን ነው፤ ከዚህ ካወጣኸኝ እኔም፣ ከማህፀኔ የሚወጣውም ዳግመኛ ውሃ ላይ አንወጣም ብላ ነበር። እኔን አሜሪካ የወለደችኝ ከዚያ ስለት በኋላ ነው፤ ስለዚህ እንደ እርሷ አመለካከት እኔ ራሴ የስለቱ ክፍያ ነኝ። በውሃው ላይ ባየችኝ ጊዜ ያየችው ጨዋታ አልነበረም፤ መልአኩ ዕዳውን ሊጠይቅ ሲመጣ ነበር።

ያን በጋ ስሟገት ከረምኩ፤ ስሟገት ስል በልቤ ነው። ክለቡ ሄድኩ፣ ግን መድረኩ ላይ ተቀምጬ የሌላውን ሰው ሸራ አየሁ። ሚስ ሩት አልገፋችኝም። በመስከረም ግን ትከሻዋ መሪውን አልችል አለ፤ ሐኪሟም ከዚህ ዓመት በኋላ ጀልባ የሚባል ነገር እንዳታስብ አላት። በጥቅምት የክለቡ የዓመቱ መዝጊያ ውድድር ነበር። መሪውን አንቺ ያዢ፣ እኔ ፊት ተቀምጬ ትንሹን ሸራ እስባለሁ፣ ዘንድሮ ካልሆነ አይሆንም አለችኝ። ያን ጀልባ የመምራት ዕድሌ ያ ብቻ ነበር፤ የእርሷም የመጨረሻዋ።

እማዬ የንስሐ አባታችንን ጠራች። ሳሎናችን ተቀምጠው ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙ። ስለት የተሳለው ሰው ዕዳ እንደሆነ፣ ሰው በሌላ ሰው ነፍስ መሳል እንደማይገባው፣ ሆኖም የእናት ዕንባ ቀላል እንዳልሆነ ተናገሩ። ለእማዬ ስግደትና ጸሎት አዘዙላት፤ ለእኔ ደግሞ «ልጄ፣ ለዘንድሮ ተይው፤ ለከርሞ እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ። እማዬ «አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይመጡ ምን ይውጠኝ ነበር» ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች። እኔም ተሳለምኩ። መልካም ፍርድ ነበር። ነገር ግን ሚስ ሩት ከርሞ አልነበራትም።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ልብሴን ለብሼ ስወርድ እማዬ በሩ ላይ ቆማለች፤ አባዬ ቁልፉን እንደያዘ ከኋላዬ ቆሟል።

«አባ የተናገሩትን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሽ ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወደ ላይ እመለስ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእናቴ መልስ ሰጥቼ አላውቅም፤ ድምፄም የሌላ ሰው መሰለኝ።

«እማዬ፣ ያኔ ጀልባው ላይ ስትወጪ አያቴን አስፈቅደሻል?»

አያቴ ልጇ አገር መልቀቋን የሰማችው ከየመን በተደወለ ስልክ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። እማዬ ወደ አባዬ ዞረች።

«አንተ ነህ እንግዲህ የምትነዳት?»

«እኔ እስከ ፓርኪንጉ ነው የምነዳው» አላት። «ውሃውን እሷ ታውቃለች።»

ከበሩ ገለል አለች። አልመረቀችኝም።

ሐይቁ ዳር ያሉት ዛፎች ቀይና ቢጫ ሆነው ነበር፤ ውሃው ቀዝቅዟል፣ ነፋሱ እየመጣ ይሄዳል። ሚስ ሩት ፊት ተቀምጣ ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ ውድድሩን ሁሉ አንድም ጊዜ ዞራ አላየችኝም። በውድድር ሕግ ነፋሱ ከቀኙ የሚመጣለት ጀልባ ቅድሚያ አለው፤ መብቱን ግን ጮኾ ማሳወቅ የመሪው ፋንታ ነው። ዓመቱን ሙሉ የጮኸችው እርሷ ነበረች። በመጨረሻው ዙር ላይ ኮሞዶሩ ትልቁን ጀልባውን ይዞ በቀጥታ መጣብን፤ ቆቡን፣ መነጽሩን፣ ከቆቡ ሥር ያለውን ነጭ ጸጉሩን አየሁ። ሚስ ሩት ዝም አለች። ቅድሚያው የእኛ ነበር፤ ዝም ካልኩ ግን ወይ እንጋጫለን፣ ወይ የእኛን መንገድ ለእርሱ እለቃለሁ።

«ዞር በል!» ብዬ ጮኽኩ።

የእንግሊዝኛውን ቃል አውቀው ነበር፤ የወጣው ግን ይህ ነው። ኮሞዶሩም አማርኛ እንደሚያውቅ ሰው ወዲያውኑ ዞረ። ሚስ ሩት ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁት። አላሸነፍንም፤ ኮሞዶሩ ግን ከእኛ በኋላ ገባ።

በዚያው ክረምት፣ ብርዱ ሲበረታ፣ ሚስ ሩት ሞተች። ሬሳዋ እንዲቃጠልና አመዱ ሐይቁ ላይ እንዲበተን ተናዝዛ ነበር፤ ጀልባውንም እኔ እንድመራው። እማዬ ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ መቃብር የሌለው ሰው የት ተኪዶ ይለቀሳል አለች። ቢሆንም ለቅሶ አትቀርም፤ በጥቁር ልብስ መጥታ መድረኩ ላይ፣ ከኮሞዶሩ ጎን ቆመች። ፊቷን ወደ ውሃው አድርጋ ስትቆም ያየኋት በዚያ ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም በየተራው ሄደ። ጀልባውን አንድ የማላውቀው ቤተሰብ ገዛው። ክለቡ ከሌላ ክለብ ጋር ተቀላቅሎ ስሙም ቦታውም ተቀየረ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሥራ ያዝኩ፤ እሑዶቼ አሁን የልብስ አጠባና የመኝታ ናቸው። ከእማዬ ጋር ስለ ሁሉ ነገር እናወራለን፤ ስለ ውሃ ግን ዛሬም አናወራም፤ በመካከላችን ያ በር አንድ ጊዜ ተከፍቶ እንደበፊቱ አልገጠመም። ይህ ሁሉ ኪሣራ ነው፤ ትንሽ ነው አልልም። መልሼ ላገኘው ብዬ ግን ያን ጠዋት ወደ ፎቅ አልመለስም ነበር፤ ማንም ቢጠይቀኝ መልሴ ይኸው ነው።

በዚያ የአመድ ቀን ገመዱን ፈትቼ ልነሣ ስል እማዬ ወደ መድረኩ ጫፍ ቀረበች። ሣጥኑ ከእግሬ ሥር ነበር፤ ሌሎቹ ጀልባዎች ሸራቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። ጎንበስ አለችና ሰው እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መኪና ይመስል፣ «ቀስ ብለሽ ንጂ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ቀስ ብዬ ግን አልነዳሁም። ነፋሱ ጥሩ ነበር።