ከብስክሌት ቅርጫት ያልበለጠው ሳጥን

ቪብከ ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የበርሊንን ትራሞች ስትጠግን ኖራ ጡረታ ወጣች። ታርፋለች ስንል ሞጁላር ሲንተሳይዘር የሚባል የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ መገጣጠም ጀመረች። ሞጁል ማለት አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ቁራጭ መሣሪያ ነው፤ አንዱ ድምፅ ያመነጫል፣ ሌላው ያለሰልሳል፣ በአጫጭር ገመድ ይያያዛሉ። የዚህ ነገር ፍቅር የያዘው ሰው ሁሉ በሽታው አንድ ነው፤ ሳጥኑ ሲሞላ ሞጁል ከመቀነስ ይልቅ ትልቅ ሳጥን ይገዛል። እኔም ራሴ በሽተኛ ነኝ።

የቪብከም ሳጥን ቁም ሣጥን አክሎ ነበር። በሚያዝያ ኮንሰርታችን መድረክ ላይ እሱን ስትቃኝ ሕዝቡ አርባ ደቂቃ ጠበቀ። የባንዳችን ዘፋኝና አለቃ ኦርትሩድ ቀልድ አታውቅም።

«አንዴ ደግሞ እንዲህ ብታደርጊን» አለቻት፣ «ቦታሽን ላፕቶፕ ይወርሰዋል።»

ቪብከ ወጥታ የብስክሌቷን ቅርጫት በሜትር ለካች። «እዚህ ውስጥ የማይገባ ነገር መድረክ አይወጣም» አለችኝ፤ ያ ሁሉ ክምር ተሽጦ ሁለት ድምፅ አመንጪዎች፣ ጥቂት ሌሎች ሞጁሎችና አንድ ትንሽ ኪቦርድ ብቻ ቀሩ። መጨረሻ ላይ በአዲሱ ትንሽ ሳጥን ውስጥ አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ተረፈ። እኔም ደስ ይበላት ብዬ የገደል ማሚቶ የሚያወጣ ምርጥ ሞጁል ይዤላት ሄድኩ። አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ። በቦታው የሁለቱን ድምፅ አመንጪዎች ቅኝት አንድ ላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ፣ ድንች የሚያህል ማዞሪያ ሠርታ ገጠመች።

«ለአንድ ማዞሪያ ያን ሁሉ ቦታ? ጤነኛ ነሽ?» አልኳት።

«ሎታር፣ የትራም ነጂ እጀታ ትልቅ የሆነው ለምን ይመስልሃል? ዓይኑ መንገድ ላይ ስለሆነ ነው።»

ተናድጄ ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ኦርትሩድ የቪብከን ድርሻ በላፕቶፕ ላይ እንድቀዳላት ስትጠይቀኝ እሺ አልኩ። ለቪብከ አልነገርኳትም።

በሰኔ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በግቢያችን ተጫወትን። እኔ ቤዝ ጊታሬን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ላፕቶፑን በቦርሳ ከወንበሬ ሥር ሸጉጬዋለሁ። ቪብከ ቅርጫቷን ይዛ መጣች፣ ሳጥኑን አብርታ ቅኝቱ እንዲረጋ ግማሽ ሰዓት አሞቀችው፣ ጥላ ውስጥ ቃኘችው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ፀሐይዋ ጣራውን አልፋ ጥቁሩ ሳጥን ላይ አረፈች። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከተቃኘ በኋላ ይበልጥ ሲሞቅ ድምፁ ይሸሻል፤ ከቅኝቱ መውጣት ጀመረ። ኦርትሩድ ዞር ብላ መጀመሪያ ቪብከን፣ ቀጥሎ እኔን አየችን። እጄን ወደ ቦርሳው ሰድጄ ዚፑን ከፈትኩ።

የቪብከ ቀኝ እጅ ከኪቦርዱ አልተነሳም። ዓይኗ ኦርትሩድ ላይ ነው። ሳታይ በግራ እጇ ማዞሪያውን አገኘችና ትንሽ አዞረችው፤ ድምፁ ተመለሰ። ፀሐይዋ ድምፁን በገፋች ቁጥር እሷም ትመልሳለች። ዘጠኙን ዘፈን አንዴም ሳናቆም ጨረስን። ሕዝቡ ጭብጨባውን አቀለጠው።

ኦርትሩድ ማመስገን አይሆንላትም። «ልምምድ ማክሰኞ ነው፣ እንዳትዘገዪ» ብላት ለታዳሚው ወደ ቀረበው የፍራፍሬ ኬክ ሄደች።

ቪብከ ሳጥኗን ቅርጫቱ ውስጥ ከታ ብስክሌቷ ላይ ወጣች። አጠገቤ ስትደርስ ፍሬን ያዘች።

«ሎታር፣ ላፕቶፕህ ፀሐይ ላይ ነው» አለችኝ። «እሱ ማዞሪያ የለውም።»

አፈርኩ። ቦርሳውን አንስቼ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት።