የሰመጠው ፔዳል

ትናንት እዚህ በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ሌክ ሲቲ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ ጋራዥ ውስጥ የፍሬን ዘይት ሲሸተኝ ንዴቴ አገረሸ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ አባቴ እዚሁ ከተማ ሶዶ በሚባል ሰፈር ላለ መጋዘን አሮጌ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፤ እንግሊዝኛ ስለማይችል የማስተረጉምለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ "ፍሬኑን ረግጠሽ ያዢ" ብሎኝ ከመኪናው ስር ገባ። ፔዳሉ ከእግሬ ስር ቀስ እያለ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። የፈሰሰ ዘይት ግን አልነበረም።

"የፍሬኑ ፓምፕ ውስጡ አልቋል፤ ለአለቃው ንገሪው" አለኝ።

አለቃው ሳቀና "ደጋግሞ ይርገጠው" አለ።

አባቴ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። "በሰው ነፍስ አልጫወትም በይው።" በደንብ ስላልገባኝ አልተረጎምኩትም። እጄን ይዞኝ ወጣ።

ሰኞ ባልደረባው ጋሽ ከድር ያንኑ መኪና ሲነዱ ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ እምቢ አላቸው፤ እግራቸው ተቆረጠ። አለቃው ጥፋቱን እሳቸው ላይ አላከከ። ዛሬም ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ።