ማኅደር ውስጥ የገባው ፒዲኤፍ

ሰሞኑን አንድ ጠዋት... እንጅባራ ጉሟን፣ እኔ ጋቢዬን ተከናንበናል፤ የአከራዬ በር ላይ ቆሜያለሁ። ላንኳኳ እጄን አነሳለሁ፣ መልሼ አወርደዋለሁ። ውስጥ የኔታ መዝሙረ ዳዊት እየደገሙ ነው። የሚደግሙት ደግሞ በእኔ ዕቃ ነው!

ከመነሻው ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤታችን የደረጃ ዕድገት ፈተና አወጣ። የምንፈተነው የግዥ መመሪያ ነው፤ የሰጡን ደግሞ በፍላሽ፣ ተጣሞ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ። ይሄ ዕድገት ካመለጠኝ ሌላው መቼ እንደሚመጣ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። በስልኬ ስከፍተው ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያክላል። ሳሰፋው መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ወደ ቀኝ ጎትቼ ሳነብ የግራው ይጠፋኛል። በቢሮው ኮምፒውተር እንዳላነብ መብራቱ እንደ ልቡ ነው የሚሄደው።

ኢ-ሪደር የሚባል የማንበቢያ ዕቃ እንዳለ ሰምቼ ስጠይቅ ከረምኩ። ትልቁ ለፒዲኤፍ ይመቻል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ርካሽ ታብሌት ዓይን ያቃጥላል። በመጨረሻ ዳንግላ አንድ ስልክ ቤት ያገለገለ፣ ትንሽዬ አለ ተባልኩና ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድኩ።

«ዓይን አያቃጥልም፣ ቻርጁም ቶሎ አያልቅም» አለኝ ሻጩ።

«ለፒዲኤፍ ግን አያንስም?»

«በቁሙ ከያዝሽው ያንሳል። እንዲህ አጋድሚው... አየሽ?»

መመሪያዬን ከፍላሹ ጭኖ ሲያጋድመው እውነትም ፊደሉ ተለቀ። ስልክ ቤት ደግሞ ባዶ ዕቃ አይሸጥም፤ መዝሙሩንም ዘፈኑንም ጭኖ ነው የሚያስረክብ። ለእኔም ምርቃት ብሎ ዳዊት ጫነልኝ። እግሬን ዘርግቼ፣ ብርድ ልብሴን ለብሼ ሳነብ እየታየኝ ተመለስኩ።

ጉዴ የጀመረው ለየኔታ ያሳየኋቸው ጊዜ ነው። የኔታ አከራዬ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆሎ ተማሪ ሲያስተምሩ ኖረው ዓይናቸው ደክሟል። ዳዊትን በቃላቸው ይወጡታል፤ ፊደሉን ካዩት ግን ቆይተዋል። ዕቃውን አጋድሜ፣ ፊደሉን አስፍቼ ሰጠኋቸው። ጣታቸው ፊደሉን ተከትሎ ሄደ። በአገውኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር ተናገሩና እንባቸው ወረደ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እዋሻለሁ።

ከዚያ ዕቃውን ተሳለሙት።

«ልጄ፣ ዳዊት ያለበት ነገር መሬት አይቀመጥም። ተጋድመሽም እንዳታነቢበት» አሉኝ።

ቀጥለው ከቆዳ ማኅደራቸው ውስጥ፣ ከብራናው ዳዊት ጎን ከተቱትና ግድግዳው ላይ ሰቀሉት!

በቃ፣ ዕቃዬ እዚያው ቀረ። ጠዋት ሥራ ሳልገባ ልውሰድ ስል ዳዊት ላይ ናቸው፤ ዳዊት የያዘ ሰው ደግሞ አይጠራም። ማታ ስመለስ ማኅደሩ ውስጥ ተሰቅሏል። ማኅደር አውርዶ የግዥ መመሪያ የሚያወጣ ድፍረት ከየት ይምጣ? «ይመልሱልኝ» ማለት ደግሞ የሰውን ብርሃን መንጠቅ መሰለኝ። ተስፋ ቆርጬ ወደ ስልኬ ብመለስ ዓይኔ ደም መሰለ። ፈተናው ደረሰ፤ እኔ እሳቸውን አላስቀይም፣ መመሪያውን አላነብ... ጭንቅ አልኩላችሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ በንዴት ያለቀስኩበትም ቀን አለ።

ያን ጠዋት ታዲያ በሩ ላይ እንደቆምኩ የየኔታ ድምፅ ድንገት ተለወጠ።

«ግዥ ፈጻሚው አካል... የጨረታ ሰነዱን...» ቆም አሉ። «ኧረ ይሄ ዳዊት አይደለም!»

ጣታቸው የሆነ ቦታ ነክቶ መመሪያዬን ከፍቶታል። ዘልዬ ገባሁ።

«ይቅርታ የኔታ፣ የእኔ ትምህርት ነው። ሰኞ እፈተንበታለሁ።»

«በቃልሽ ይዘሽዋል?»

«ኧረ ገና አላነበብኩትም...» «እርስዎ ይዘውብኝ» የሚለውን ተውኩት።

«ሳያነቡ ፈተና!» ብለው ጮኹ። «በይ ቁሚ።»

ቆምኩ። ምን ላድርግ? እሳቸው አንድ መስመር ያነባሉ፣ እኔ ተከትዬ እላለሁ። ከሳትኩ ከላይ ያስጀምሩኛል። ድምፄን ዝቅ ካደረግሁ አርጩሜያቸው መደቡን ይመታል።

«የኔታ፣ ዕቃውን ይስጡኝና ቤቴ ሆኜ ላጥናው?»

«በቃልሽ ሳትይዥው ከዚህ አይወጣም።»

ከደጅ መቆም ወደ ቤት ውስጥ መቆም... አልሸሹም ዞር አሉ! እስከ ሰኞ ድረስ በዚያ ብርድ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የጨረታ ማስከበሪያን በዜማ ስል ከረምኩ። ጎረቤቶቼ አጥር ላይ ሆነው ይስቃሉ እንጂ የሚገላግለኝ አልተገኘም።

ሰኞ የፈተናውን ወረቀት ስገልጥ የየኔታ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ሳላስበው ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዝኩ በለሆሳስ ማዜም ጀምሬያለሁ። ፈታኙ መጥቶ «እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ። አንቀጽ እየፈለግሁ ነው እንዳልለው አፈርኩ።

ትናንት ውጤት ተለጠፈ... አለፍኩ! ከቢሮ በባጃጅ በረርኩ።

«የኔታ! አለፍኩ!»

«እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!» እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። ልቤ ሞላ፤ አባቴ እንኳ እንዲህ ደስ ብሎት የሚያውቅ አይመስለኝም። አሁንስ ተፈታሁ ብዬ ቀና ስል ማኅደሩን አወረዱ፣ ዕቃዬን አወጡ... አጋደሙት።

«እነሱ አሳልፈውሽ ይሆናል» አሉ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ፣ «እኔ ገና አላሳለፍኩሽም። ምዕራፍ አራትን ዘለሽብኛል። ቁሚ።»

ነገ ጠዋትም አለብኝ... ጸልዩልኝ።