ዓፊፋ በሹሩባ ፀጉር የያዘችው ዓሣ

ባለቤቴ ዓፊፋ ስቶክዌል በሚባል ሰፈር ውስጥ ፀጉር ትሠራለች። ከሹሩባ የተረፈ አርቴፊሻል ፀጉር አትጥልም፤ አናቱ ከበድ ባለ ትንሽ መንጠቆ ላይ በክር ጠምጥማ ጂግ የሚሉትን ማጥመጃ ትሠራበታለች። እሑድ እሑድ ዋንድል ወንዝ እንወርዳለን።

እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ቆሞ መጠበቅ አልወድም። ባለፈው የማጥመጃ ዘንጓን ተቀብዬ ክሩን ቶሎ ቶሎ ስጎትት ተቆጣችኝ።

«ተው እንጂ ከሊል! ክሩ ላይ ያለው ተንሳፋፊ ከውሃው ጋር እኩል ይሂድ። ጂጉ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ሲያልፍ ዓሣው ራሱ ይመጣል።»

ነጠቀችኝና ውሃው መሐል ካለ ትልቅ ድንጋይ በላይ በኩል ወረወረችው። ተንሳፋፊው ቀስ እያለ ወርዶ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ስምጥ አለ። ዘንጉን ቀና አደረገችው፤ ክንዴን የሚያህል፣ ትራውት የሚሉት ዓሣ! እንዳይጎዳ እጇን አርጥባ ያዘችው፣ አየችው፣ መልሳ ለቀቀችው።

መስጊድ በር ላይ ይህን ሳወራ ጓደኛዬ ሙባሽር ሳቀብኝ።

«ታዲያ ምኑን በላችሁት?»

ደሜ ፈላ።

«ለመብላትማ ሱቁ ሁሉ ዓሣ ነው፤ ሂድና ግዛ! በሹሩባ ፀጉር ከወንዝ የሚያወጣ ሰው ካለህ ግን አምጣና አሳየኝ!»