ስሟን የሚያውቅ ሰው፦ ከናብዓ በቨርደን በኩል ወደ ቡሽሪዬ

ጠዋት 12 ሰዓት፣ ናብዓ

እሑድ ነው፤ ገና አልነጋም። ከአራት ሴቶች ጋር ከምጋራው ክፍል ወጥቼ ደረጃውን በስልኬ መብራት እወርዳለሁ። ሕንፃችን ሊፍት የለውም። ዛሬ ባለመኖሩ ደስ ይለኛል።

መንገዴ አጭር ነው። ቤይሩትን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተሻግሬ የእህቴን ልጅ ምንታምርን ከአሠሪዋ ቤት እወስዳለሁ፤ ከዚያ ተመልሰን ቡሽሪዬ፣ «ኅብረት» ወደምትለው አዳራሽ። ዛሬ ልትጠመቅ ነው። ከሁለት ወር በፊት፣ የፈረንጆቹ 2019 ሊያልቅ ሲል፣ ሊፍት ውስጥ ተቆልፋ ቀረች፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ጌታ ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ከደሴ ደውላ «አንቺ አንባቢዋ ነሽ፤ ሄደሽ እይልኝ። አንድ የማያምር ነገር ካየሽ እጇን ይዘሽ ውጪ» አለችኝ። ቃል ሰጥቻታለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈን ሁሉ ሁለት ጊዜ ያነባል። ከአዳራሹ ለምንታምር የተላከላትን መልእክት ግን አምስት ጊዜ አነበብኩት፦ «ትክክለኛ ስምሽን የሚያውቅ አንድ ሰው ይዘሽ ነይ።» ደላላው ፓስፖርቷን ያወጣላት ዘነበች በሚል ስም፣ በሃያ ስድስት ዓመት ነው። በዚህ አገር ትክክለኛ ስምሽን የሚፈልግ ወይ ፖሊስ ነው፣ ወይ ሌላ ደላላ።

1 ሰዓት፣ ሰርቪስ ውስጥ

ሰርቪስ የሚሉት የጋራ ታክሲ፣ አሮጌ መርሰዲስ ነው፤ ከመስተዋቱ መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። ሾፌሩ «ቨርደን? ዝግ መንገድ ይበዛል፤ የሁለት ሰው ሒሳብ ነው» አለ። አራት ሺህ ሊራ። መንግሥት ይውረድ የሚሉት ሰልፈኞች ያቃጠሉት ጎማ አስፋልቱ ላይ ጥቁር ክብ ትቷል፤ የቆሻሻ ገንዳዎች መንገድ ዳር ተጋድመዋል። ሰው ግን የለም።

«ታዲያ የታለ የተዘጋው?» አልኩት።

«አብዮተኞቹ ተኝተዋል፤ ማዳሞቹም ተኝተዋል። የነቃነው እኔና አንቺ ነን፤ ያኒ፣ ሁለት ሞኞች።»

ሳልስቅ ሁለት ሺህ መልሰህ ስጠኝ አልኩት። አልሰጠኝም።

1 ሰዓት ከ40፣ ቨርደን

እብነ በረድ ደጅ፣ የወርቅ ቀለም የተቀባ የሊፍት በር። የሕንፃው ጠባቂ አቡ ሐሰን ጥግ ላይ ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሻይ ይጠጣል። መብራት ከመንግሥት ወደ ጄኔሬተር በሚቀያየርበት ሰዓት ማንም ሊፍት እንደማይገባ ቤይሩት የመጣች ሴት ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ትማራለች። ምንታምር ያን ቀን ከልብስ ንጽሕና መስጫ የመጣ ምንጣፍ ተሸክማ ነበርና ሰባት ፎቅ መውጣቱ ከበዳት። መብራት ሄደ፤ የጄኔሬተሩ ናፍጣ አልቋል፤ ማዳሟ ተራራው ላይ ባለው ቤቷ ነበረች፣ አቡ ሐሰን ናፍጣ ፍለጋ ወጥቷል።

«ስንት ሰዓት ቆየች?» አልኩት።

«ሦስት።»

«በሩን ስትከፍተው ታለቅስ ነበር?»

«ላ፣ አላለቀሰችም። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ትዘምር ነበር። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።»

ስልክ። ይህን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስልክ በእጇ ይዛ ለማንም አልደወለችም? አንድ ቦታ ላይ ይህ ታሪክ ውሸት አለበት አልኩ በልቤ።

ምንታምር በደረጃው እየሮጠች ወረደች፤ ፎጣና ነጭ ቀሚስ በፌስታል ይዛለች።

«ሊፍቱ እዚሁ ቆሟል እኮ» አልኳት።

«ኸላስ፣ በቃ አክስቴ፣ እኔና እሱ ተፋተናል።»

ከላይ ከበረንዳ ማዳሟ ጮኸች፦ «ዜኒ! ስምንት ሰዓት! አንድ ደቂቃ እንዳታልፊ!»

2 ሰዓት ተኩል፣ ወደ ዶራ በሚሄደው አውቶቡስ

መስኮቱ አይዘጋም። ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ነፋስ ብርድና የዓሣ ሽታ ያስገባል። ምንታምር መንቆሸ ከሚሉት ቂጣ ቆርሳ ትሰጠኛለች፤ ከላዩ የተነሰነሰው የዘዓተር ቅጠል ጥርሷ ላይ ቀርቷል።

«በሰማንያ ቀንሽ ተጠምቀሻል» አልኳት። «የያዝኩሽ እኔ ነኝ። ቄሱን ረግጠሻቸዋል።»

«ይቅር ይበሉኝ። ያኔ ምንም አላውቅም ነበር።»

«አሁንስ በምን አወቅሽ?»

«በጨለማው» አለች፤ ፍርፋሪውን ከቀሚሴ ላይ እያራገፈች።

«እዚህ ቦታ ማን ወሰደሽ?»

«እህት ዘሪቱ። ዳቦ ቤት ተገናኘን። ሊፍት እፈራለሁ ስላት እንደ ሌላው ሰው አልሳቀችም።»

«ከማዳምሽ ቤት ጥፊ አላለችሽም?»

«ኧረ! ውልሽን ጨርሺ ነው የምትለኝ።»

አላሳመነኝም። ጎበዝ ደላላም እንዲህ ነው የሚጀምረው።

4 ሰዓት፣ ቡሽሪዬ

ከዶራ አደባባይ በእግር ሃያ ደቂቃ። ጋራዦች፣ የተዘጉ የጫማ ፋብሪካዎች፣ ድመቶች። አዳራሹ የልብስ ስፌት ቤት ነበር፤ መኪናዎቹ የታሰሩባቸው ቀዳዳዎች አሁንም ወለሉ ላይ አሉ፤ ነጭ ፕላስቲክ ወንበሮች በላያቸው ተደርድረዋል። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ ብዬ አየሁ። አይቆለፍም። ሙዳየ ምጽዋት ፈለግኩ፤ በር ሥር የብስኩት ጣሳ ነው።

ዘሪቱ ሃምሳ የሚሆናት፣ ማር ሚካኤል ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ የምታጥብ ሴት ናት። እጇን ስጨብጥ የበረኪና ሽታ አለው።

«ዘሪቱ እባላለሁ፣ እህቴ።»

«በፓስፖርት ነው ወይስ በእናትሽ?»

ከት ብላ ሳቀች። «በእናቴ! ምንቴ፣ አክስትሽ ፖሊስ ናት እንዴ?»

«ስም ለምን ትጠይቃላችሁ?» አልኩ፤ አልሳቅኩም።

ሳቋን ዋጠችው። «አንዲት እህታችን እዚህ ሞተችብን። ለአገር ቤት በፓስፖርቷ ስም አስነገርን። እናቷ የሌላ ሰው ልጅ ናት ብላ ለሳምንታት አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ በደላላ ስም ማንንም አናጠምቅም። የሚያውቃት ሰው ተነሥቶ ስሟን ይናገራል፤ ጥያቄ ካለውም እሰው ፊት ይጠይቃል።»

መልሱ ጥሩ ነው። እኔ ግን ጥያቄዬን ይዤ ነበር የመጣሁት።

ከመዝሙር በኋላ ምንታምር ልትመሰክር ቆመች። ስለ ምንጣፉ፣ ስለ ጨለማው፣ አየሩ ያለቀ እንደመሰላት ነገረቻቸው። «የምጠራው ሰው ሲያልቅብኝ ጌታን ጠራሁት። እሱ ግን አብሮኝ ቁጭ ብሎ ነበር» አለች። ከኋላ «አሜን» ተባለ። የተጠና ነው አልኩ፤ ሁሉም የሚሉት ነው።

«የሚያውቃት ይነሣ» አለች ዘሪቱ።

ተነሣሁ። «ስልክ ይዘሽ ነበር። ጠባቂው ነግሮኛል። ለምን ለሰው አልደወልሽም?»

ምንታምር ወለሉን አየች። «ይለፈን፣ አክስቴ።»

«አይለፍም።»

«ደውያለሁ።»

«ለማን?»

ዓይኗን አንሥታ አየችኝና መልሳ ሰበረችው።

ሐሙስ ነበር። የፈረንሳይኛ ትምህርቴ ላይ ነበርኩ፤ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። ስሟን አየሁ፤ ማዳሟ ተቆጥታት ይሆናል፣ እንደ ልማዷ ልታለቅስብኝ ነው ብዬ ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። ስልኬን አውጥቼ ማየት አላስፈለገኝም። ሰባት ጊዜ ነው። ቆጥሬ ነበር። ስምንተኛው ሲቀር እፎይ ብዬ ግሴን ማርባት ቀጠልኩ። እስከ እሑድ መልሼ አልደወልኩም።

ሁለት ወር ሙሉ ታሪኳን ስትነግረኝ ቀኑንና ይህን አንዱን ነገር እየዘለለች ነበር። ውሸት የመሰለኝ ቀዳዳ እኔን የሸፈነችበት ነው።

«ስሟ ማን ነው?» አለች ዘሪቱ፣ በቀስታ።

አውቃታለሁ ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። «ስሟ ምንታምር ነው» አልኩ። «ስሟን አውቃለሁ።»

ጣሪያው ላይ ወጣን፤ ሰማያዊ የውሃ በርሜል ለሁለት ቆርጠው አስቀምጠዋል። ውሃው በረዶ ነው። ከመግባቷ በፊት እጇን ዘረጋችልኝ፤ ውሃው ፊቷን ሲዘጋው ጣቶቼን ጨምድዳ ያዘች። ስትወጣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ትስቃለች። በዘሪቱ ነገር ገና አልጨረስኩም፤ እሑድ እሑድ እመጣለሁ፣ አያለሁ።

ለ8 ሰዓት አሥር ጉዳይ፣ ቨርደን

አቡ ሐሰን የሊፍቱን በር ከፈተልን። ምንታምር ወደ ደረጃው ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። «አንቺ እንኳ ውጪበት» አለችኝ። እርጥብ ፎጣዋን ተቀብዬ እጇን ያዝኩ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስልኬ ጠራ። እህቴ ናት። ገና አንዴ ሲጠራ አነሣሁት።

«እንዴት ነው? የማያምር ነገር አየሽ?»

«አይቻለሁ» አልኳት፤ ትንፋሼ እየተቆራረጠ። «እነሱ ጋ ግን አይደለም።»

«ታዲያ ማን ጋ ነው? ልጄስ የታለች?»

«አብራኝ ናት። ቆይ፣ እንዳትዘጊው። እነግርሻለሁ።»