የሞጣ ቅላት

የእህቴ ልጅ ሊሞትብን ነበር። ያውም «ቀይ ነው» ተብሎ። ይህን ታሪክ በአፌ ለመናገር ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ሁልጊዜ መሀሉ ላይ አንድ ሰው «አንቺ ደግሞ!» ብሎ ያቋርጠኛል። ወረቀት አያቋርጥም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናገራለሁ፤ የእህቴ አማት ደስ ባይላቸውም እናገራለሁ። እንዲያውም ደስ ስለማይላቸው ነው የምናገረው።

እህቴ ያገባችው ሞጣ ነው። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና፣ ሆዷ ሲገፋ ወደ እኛ ወደ ቢቸና መጣች። ሆስፒታል ገብታ በሰላም ወለደች፤ ወንድ። ወደ ቤት ስንመለስ ነርሷ በር ላይ አቁማ፣ «አልጠባም ካለ፣ ካተኮሰው፣ እንቅልፍ ከበዛበት፣ ቢጫ ከመሰላችሁ ፈጥናችሁ አምጡት። ባይታመምም ለምርመራ ትመለሳላችሁ» አለችን። እናቴ «እሺ የኔ እመቤት» አለች። በልቧ ግን እሺ እንዳላለች አውቄያለሁ። በእኛ ቤት አራስና ሕፃን፣ ክርስትና ሳይነሣ ከደጅ አይወጡም። ፀሐዩ ምች ነው፣ ንፋሱ ምች ነው፣ የሰው ዓይን ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

ከዚያ አማትየዋ ከሞጣ በሚኒባስ መጡ። አንድ ባልዲ ማር፣ አንድ ቅል ቅቤ፣ አንድ ጥቁር ጃንጥላና ማለቂያ የሌለው አስተያየት ይዘው ነው የመጡት። ፀሐይ የመታው ሰው ሳይበርድለት አራስ ቤት አይገባም፤ በረንዳ ላይ ትንሽ ተቀመጡ። እዚያው ተቀምጠው የግቢያችንን ጭቃ ሰደቡ።

«ቢቸና እንዲህ ናት ለካ! እኛ ሞጣ እኮ እንዲህ ያለ ጭቃ የምናየው በሬ ስንጠምድ ነው።»

እናቴ እግራቸውን እያጠበች ፈገግ አለች። እንግዳ ናቸዋ! ደግሞ እንግዳ ብቻ አይደሉም፣ የልጅ አማት ናቸው። አማት ደግሞ የመጣች ቀን የምትሄድበት ቀን አይጠየቅም።

ከበረደላቸው በኋላ ገቡ። እህቴ የተኛችበት ክፍል አንዲት የእንጨት መስኮት ነው ያለችው፤ እሷም ተዘግታለች። አማትየዋ የስልካቸውን መብራት ለአንድ አፍታ ልጁ ላይ አበሩና እልልታቸውን ለቀቁት።

«ቀይ! እዩልኝ እንጂ የእኛን ዘር! ባሌ ቀይ፣ ልጄ ቀይ፣ የልጅ ልጄ ቀይ!» ወደ እናቴና ወደ እኔ ዞር አሉና ጨመሩበት፤ «እግዜር ይመስገን፣ መልኩን ከወዲህ አላመጣውም።»

ወዲህ ማለት እኛ ነን። እኛ ጠይም ነን።

«መልክ ምን ያደርግልዎታል እትዬ» አለች እናቴ፣ «ዋናው ዕድሜው ነው።»

«እሱስ ልክ ነዎት። መልክ ያልሰጡት ሰው እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሰው «እርስዎ» እየተባባለ እንዴት እንደሚሰዳደብ ያየሁት ያን ሰሞን ነው። እናቴ በገንፎው ላይ ቅቤ ስታፈስ «ቢቸና ቅቤ ይቆጠባል መሰል?» ይላሉ አማትየዋ። እናቴም «አይ፣ ይኼ እንኳ እርስዎ ያመጡት ነው፤ ስላልበቃ ከእኛው ጨምሬበት ነው» ትላለች። እኔ እዚያ መሀል ትሪ ይዤ ቆሜ ሳቄን እውጣለሁ።

የልጁ ነገር ግን አላሳቀኝም። «ቀይ ልጅ ቡዳ ቶሎ ያየዋል» ብለው አማትየዋ በተዘጋችው መስኮት ላይ ብርድ ልብስ አሰቀሉ። ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ሲመጣ፣ ልጁን በነጠላ ጥቅልል አድርገው «ኧረ ጠቆር ያለ ነው፣ ምኑ ይታያል» ይላሉ። ለእኛ ቀይ፣ ለጎረቤት ጥቁር! ልጁ በዚያ ጨለማ ውስጥ ምን እንደሚመስል በትክክል ያየው ሰው አልነበረም።

ደግሞ ይተኛል። ውሎ አድሮ እንቅልፍ ብቻ ሆነ። እህቴ ጡቷን አፉ ላይ ስታደርገው አንዴ ሁለቴ ምጥጥ ያደርግና ይተወዋል።

«ጨዋ ነው» አሉ አማትየዋ። «የእኛ ልጆች አያለቅሱም። አባቱም እንዲሁ ነበር። ይቺስ?» አገጫቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ይቺ ስትወለድ እንዴት ነበረች?»

«ይቺማ ሰፈሩን ነው ያስነሣችው!» አለች እናቴ፤ ሁለቱም ተሳሳቁ። ከመጡ ጀምሮ የተስማሙት በዚህ በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔን በማማት።

«ጡቴ ተወጥሮ አመመኝ» አለች እህቴ በቀስታ። «አልጠባልኝም።»

«ጠግቦ ነው የኔ ልጅ።»

«ያልጠባ ልጅ ምን በልቶ ነው የሚጠግበው?» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩሽ ለትልቅ ሰው መመለስ ነው?»

«ሒሳብም አለ እማማ።»

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እስከ ማታ ድረስ ምልክቱ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አማትየዋ ቤተ ክርስቲያን ሊስሙ ሄዱ። እናቴ ማጀት ነበረች። እህቴ ቁጭ ብላ እያንቀላፋች ነው። አሁን ነው ጊዜው አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ልጁን አሞታል ብዬ አልነበረም። ማሸነፍ ነው የፈለግሁት። ልጁ ጠይም መሆኑን በብርሃን አይቼ፣ «ከወዲህ ነው ያመጣው!» ብዬ ሴትየዋን አፍ ማስያዝ! ብርድ ልብሱን ሳብኩት፣ መስኮቷን ወለል አደረግኋት፣ ልጁን ታቅፌ ከብርሃኑ ሥር ቆምኩ፤ ክንዴን ከጉንጩ ጋር አስጠጋሁ።

ቀይ አልነበረም።

ጠይምም አልነበረም። እናቴ አልጫ ወጥ ላይ የምትነሰንሰውን እርድ የቀቡት ነው የሚመስለው። መጀመሪያ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። «ተሸነፉ!» አልኩ ለብቻዬ። ከዚያ የዓይኑ ቆብ ትንሽ ተገለጠ። ነጭ መሆን ያለበት ቦታ የእንቁላል አስኳል መስሏል። ልብሱን ገለጥኩት። ደረቱ ቢጫ፣ ሆዱ ቢጫ፣ ጭኑ ቢጫ። የነርሷ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ውስጥ እግሩን በጣቴ ነካ ነካ አደረግሁት፤ እግሩን እንኳ በወጉ ሳይሰበስብ መልሶ ተኛ። ጨዋነቱ ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጮህኩ። እናቴ እጇ ሊጥ እንደሆነ ሮጣ መጣች። አማትየዋም ከደጅ ሲደርሱ እኩል ሆነ።

«መስኮቱን ማን ከፈተው?»

«ቀይ አይደለም እማማ! ቢጫ ነው!»

«ቅናት ነው! ከመጣሁ ጀምሮ ቅናት አንገበገባት እኮ!»

«ቆዳውን ይተውት እሺ፣ ዓይኑን ይዩት። ዓይኑም የእርስዎ ዘር ነው? የሞጣ ሰው ዓይኑ ቢጫ ነው?»

እናቴ ጎንበስ ብላ አየች። በሊጥ እጇ አፏን ያዘች። ከዚያ ግን ልጁን ትታ አማትየዋን ነው ያየችው። ምን እንደፈራች አውቃለሁ። ልጁን ይዛ ወጥታ አንድ ነገር ቢሆን፣ «ክርስትና ሳይነሣ አውጥታ ገደለችው» የሚለው ወሬ ከቢቸና እስከ ሞጣ ዕድሜ ልኳን ይከተላታል።

አማትየዋም ይኼንኑ ነው የያዙት። በሩ ላይ ቆሙ። «ሳይጠመቅ መንገድ ላይ ቢቀርስ? ማን ነው የሚጠየቀው? አንቺ ነሽ?» ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

«ቤት ውስጥ ቢቀርስ?» አልኩ።

እህቴ ከአልጋው ወረደች። ከወለደች ጀምሮ ከፍ አድርጋ ያልተናገረችው እህቴ መቀነቷን አጥብቃ አሰረች፣ ጋቢዋን ደረበች፣ ልጁን ከእጄ ወሰደችው።

«አንቺ አራስ ነሽ! ፀሐይ አለ!»

«ጃንጥላዎን ይስጡኝ» አለቻቸው።

አማትየዋ ጃንጥላውን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። እህቴ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች።

«ጃንጥላዬን ለማንም አልሰጥም» አሉ በመጨረሻ። «እኔው ነኝ የምይዘው።»

ከበሩም ተነሡ።

ባጃጅ ውስጥ ጃንጥላ ተዘርግቶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። አንዱ ዘንግ ጉንጬን እየወጋኝ ነው ሆስፒታል የደረስኩት። መንገዱን ሁሉ እኔን ይራገማሉ፣ መልሰው ማርያምን ይለምናሉ፣ እንደገና እኔን ይራገማሉ።

ነርሷ ልጁን አስተኝታ ግንባሩን፣ ከዚያ ደረቱን በአውራ ጣቷ ጫን እያደረገች ለቀቀች። በተጫነው ቦታ ሁሉ ቢጫው ፍጥጥ ብሎ ወጣ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ልጄ» አሉ አማትየዋ፣ «የእኛ ዘር ቀይ ነው…»

«ማዘር፣ የቀይ ልጅም ዓይኑ ነጭ ነው» አለች ነርሷ ቀና እንኳ ሳትል። ከዚያ ወደ ሁላችንም ዞረች። «ነግሬያችሁ ነበር እኮ። እስካሁን ምን ስትሠሩ ነበር?»

«ማንን እንደሚመስል ስንጨቃጨቅ» አልኩ። ማንም አልሳቀም። እኔም ለማሳቅ ብዬ አልነበረም።

ደሙን ወሰዱ። ሐኪሙ፣ ብዙ ሕፃን ላይ ትንሽ ቢጫነት ታይቶ እንደሚጠፋ፣ የእኛው ግን ከመጠን እንዳለፈ ነገረን። እንዲህ ሲበዛ ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል፤ ከወጣ ጆሮውንም እድገቱንም ይጎዳል፣ ሊገድለውም ይችላል። «ይኼ እንቅልፍ ጥሩ እንቅልፍ አይደለም» አለ።

ዓይኑን በጨርቅ ሸፍነው፣ ልብሱን አውልቀው፣ በሰማያዊ መብራት ሥር አስተኙት። አማትየዋ ራሳቸውን ያዙ። «እኔ ከመስኮት ብርሃን የሸሸግሁትን ልጅ፣ ራቁቱን መብራት ላይ አሰጡት! እንደ በርበሬ!» አንድም ሰው አላስቆማቸውም። እህቴ ወተቷን እያለበች በትንሽ ስኒ ትሰጠዋለች፤ ጠብታ በጠብታ። እናቴና አማትየዋ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በመካከላቸው ጃንጥላውን አጋድመው፣ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ። አንዷ ስትጸልይ ሌላዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጸልያለች። በጸሎት እንኳ ይበላለጣሉ!

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልጁ አለቀሰ። እንዴት ያለ ልቅሶ መሰላችሁ! እግሩን እየፈነቸረ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ሆስፒታሉን ሊያፈርስ። እህቴ ጡቷን ስታቀርብለት ነክሶ ነው የያዘው ማለት ይቻላል። እናቴ እልል አለች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ዘለልኩ። «ባለጌ ሆነ! ባለጌ ሆነ!» እያልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ መስኮቷ ክፍት ነበረች፤ እህቴ ናት ለጎረቤት «ከፍታችሁ ጠብቁን» ብላ የላከችው። ቢጫው እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ጨርሶ ጠፋ። ከሥሩ የወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጠይም። የጠራ፣ የሚያምር ጠይም፤ ልክ የእኔ ክንድ። አማትየዋ በመስኮቱ ብርሃን ለረጅም ጊዜ አዩት። አሁን እንኳ ይለሰልሳሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ጠቆረ» አሉ።

«እማማ…»

«መብራቱ ነው። ቀይ ልጅ አምጥቼላችሁ ከሰል አድርጋችሁ መለሳችሁልኝ።»

ያመጡት እሳቸው ሆኑ እኮ! እስከ ዛሬ ሞጣ ውስጥ የሚወራው ይኼው ነው፤ ቀይ ነበር፣ ቢቸናዎች ሆስፒታል ወስደው አጠቆሩት።

የክርስትናው ቀን ከሞጣ ተመልሰው መጡ። ጃንጥላውን ይዘው። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ልጁ ላይ ዘርግተው ሄዱ፤ «የተረፈውን እንኳ እናትርፍ» እያሉ። እኔ በሌላው በኩል እየሄድኩ፣ እሳቸው ወደ ጎን ባዩ ቁጥር ጃንጥላውን በጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ።

ካህኑ ውሃው ውስጥ ሲነክሩት ልጁ ጮኸ። ያ የሆስፒታሉ ጩኸት! ዕጣኑን የያዘው ዲያቆን እንኳ ዞር ብሎ አየው። ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ሰው ፈገግ አለ። አማትየዋ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ይኼን ልቅሶ ደግሞ ከየት አመጣው? በእኛ ዘር የለም።»

«የለም እማማ» አልኳቸው። «እሱን ከወዲህ ነው ያመጣው።»