«ደህና» የማይጻፍበት ወረቀት

ባሕር ዳር ድንገተኛ ክፍል በገባሁበት በመጀመሪያው ቀን ሰው ልገድል ነበር። በመርፌ ወይም በመድኃኒት ስሕተት አይደለም፤ በአንድ ቃል ነው።

ከዚያ በፊት አራት ዓመት በገጠር ክሊኒክ ድሬሰር ሆኜ ሠርቻለሁ። ቁስል ማጠብ፣ ፋሻ ማሰር፣ መርፌ መውጋት እችላለሁ። ያን ዕለት ሚስቴ ጋውኔን እንደ ወረቀት እስኪቆም ተኩሳልኝ ገባሁ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ዘውዴ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ለሠርግ ነው እንዴ የመጣኸው? ና፣ እጅህን ታጠብ» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ በመራዊ መንገድ የተገለበጠ የጭነት መኪና ያቆሰላቸው ሰዎች ተጭነው መጡ። ስምንት ነበሩ። ሲስተር ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝና «አንተ በሩ ላይ ቁም። የሁሉንም ሁኔታ ጻፍ፤ የባሰበትን አስቀድም» አሉ።

የባሰበት ማለት የጮኸ መሰለኝ። ክንዱ የተሰበረውን ጎረምሳና ግንባሯ ተተርትሮ ነጠላዋ በደም የራሰውን ሴት አስገባሁ። ከሁሉ ኋላ አንድ የበርበሬ ነጋዴ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለዋል። ጭረት እንኳ የለባቸውም።

«እንደምን ነዎት?» አልኋቸው።

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። አንተስ ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና?»

«ደህና ነን፣ ይመስገን» አልሁና በስማቸው ትይዩ «ደህና» ብዬ ጻፍሁ። አግዳሚው ጫፍ ላይ ሆነው ተራቸውን እንዲጠብቁም ነገርኋቸው።

ቀዶ ሐኪማችን ዶክተር ሰለሞን የሐረር ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ። በዚያ ሲያልፉ ነጋዴውን አዩና ቆሙ። እጃቸውን ያዙ፣ የዓይናቸውን ሽፋን ገልብጠው አዩ፣ ሆዳቸውን ጫን አደረጉት። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ።

«ማነው ደህና ብሎ የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

ወዲያው ቃሬዛ አስመጡና ነጋዴውን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧቸው። ጣፊያቸው ፈንድቶ ሆዳቸው በደም ተሞልቶ ነበር። እኔ ውጭ ቆሜ ጠበቅሁ። ቢሞቱ እንደ ገና ጋውን እንደማልለብስ ለራሴ ምያለሁ።

ተረፉ። ዶክተር ሰለሞን ሲወጡ ላባቸውን እየጠረጉ «ሰውዬው የመለሱልህ ሰላምታህን ነው» አሉኝ። «አንተ ግን የመረመርሃቸው መሰለህ።»

ይህን ንግግር ጡረታ እስክወጣ አልረሳሁትም። እውነት ነው፤ የእኛ አገር ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ እንደምን ነህ ካሉት ደህና ነኝ ይላል። ሌላ ቢል አምላኩን ያማረረ ይመስለዋል። ነጋዴው በሁለተኛው ሳምንት ሲወጡ «እንደምን ነዎት?» አልኋቸው። «ደህና ነኝ» አሉ። ያን ጊዜስ እውነታቸውን ነበር። በኋላ ከመራዊ አንድ ቁና በርበሬ ላኩልኝ፤ ልገድላቸው እንደነበር ማንም አልነገራቸውም።

ስሕተቱ የእኔ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን ቁስለኛ ከመራዊ በአውቶቡስ፣ ከመሸንቲ በቃሬዛ፣ ከዘጌ በኩል በታንኳ ይመጣል። ከየጤና ጣቢያው ይዞት የሚመጣው ወረቀት ሁኔታ በሚለው መስመር ላይ «ደህና» ይላል። አንዳንዱ ደህና የተባለ ሬሳ ሆኖ ይደርሳል።

ዶክተር ሰለሞን ይህን ለማስቆም ተነሡ። ጣቢያዎቹን በደረጃ ከፈሉ፤ አንዱ ደም አቁሞ ይልካል፣ ሁለተኛው ስብራት አስሮ ግሉኮስ ሰክቶ ይልካል፣ ሆዱ ወይም ራሱ የተጎዳ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል። ሰባት ጥያቄ ያለበት የመላኪያ ወረቀትም አዘጋጁ። የልብ ትርታ ስንት ነው? ከሩብ ሰዓት በኋላስ? ሆዱ ሲጫኑት ይደነድናል ወይ? ከሥር በደማቁ «በዚህ ወረቀት ላይ ደህና ተብሎ አይጻፍም» የሚል ነበረበት። እየዞረ ጣቢያዎቹን የሚፈትነው ሰው እንድሆን የመረጡት እኔን ነው። «አንተ ቃሉን ታውቀዋለህ» አሉኝ።

ወረቀቱ መጀመሪያ በአውራጃው ስብሰባ ላይ መጽደቅ ነበረበት። አንድ ካድሬ አነበበና ፊቱን አጨማደደ።

«ደህና የሚለውን ቃል ማነው የከለከለው? ሰፊው ሕዝብ ደህና አይደለም ልትሉ ነው?»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱ ካላማረ ወዴት እንደሚወስድ ሁላችንም እናውቃለን።

«ጓድ፣ ሰፊው ሕዝብ ደህና ነው» አሉ ዶክተር ሰለሞን ረጋ ብለው። «ይህ ወረቀት መኪና ለተገለበጠበት ብቻ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ካድሬውም ጥቂት አሰበና ማኅተሙን መታበት። ስንወጣ የዶክተሩን ትርታ ብቆጥር ኖሮ የሚያስተኛ ነበር።

ፈተናው ቀላል ቢመስልም ያለፈ ጣቢያ ለቁስለኛ ማመላለሻ የነዳጅ ኩፖን ያገኛል፤ የወደቀ አያገኝም። ከዘጌ አለፍ ብላ በሐይቁ ዳር የምትገኝ አንዲት ጣቢያ ነበረች፤ ስሟን ልተወው። ታንጉት የምትባል ጤና ረዳት ብቻዋን ትሠራባታለች። የገበሬ ማኅበሩ የሞተር ጀልባ ቢኖረውም ነዳጅ የለውም፤ ቁስለኛው ግማሽ ቀን በታንኳ ይቀዘፋል።

ታንጉት ግቢውን ጠርጋ ጠበቀችኝ። ጥያቄዎቹን ሁሉ መለሰች። «አሁን አንድ ሰው እየደማ ገባ እንበል፤ ፋሻና ግሉኮስ አውጪ» አልኋት። አንገቷን ደፋች። ቁም ሣጥኑ ተቆልፏል።

«ቁልፉስ?»

«የማኅበሩ ሊቀመንበር ዘንድ ነው፣ ጋሼ። ንብረት እንዳይጠፋ ብለው እሳቸው ይይዙታል።»

«እሳቸውስ የት ናቸው?»

«ስብሰባ ሄደዋል። ነገ ይመለሳሉ።»

ወድቃለች ብዬ ጻፍሁ። በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣው መርከብ እስከሚቆምበት ድረስ ተከትላኝ መጣች። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም። እርስዎ እስቲመለሱ ድረስ ታንኳ ላይ ሰው ቢሞትብኝ በማን አንገት ነው?» አለችኝ።

«በኔም ነው» አልኋት። ቆልፎ የሄደው ሌላ ሰው፣ የምትቀጣው እሷ። ግን የተቆለፈ ግሉኮስ ያለበትን ጣቢያ አልፏል ብዬ ብጽፍ ያው እንደገና «ደህና» ብዬ መጻፌ ነው።

ሦስት ሳምንት ከሐይቁ ማዶ ቁስለኛ መጣ በተባለ ቁጥር ከዚያች ጣቢያ እንደሆነ ለማየት ወደ በሩ እሮጥ ነበር። በመጨረሻ ተመልሼ ሄድሁ። ታንጉት ከሊቀመንበሩ ጋር በሕዝብ ፊት ተሟግታ ቁልፉን ተቀብላለች፤ በክር አሥራ አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር አንጠልጥላዋለች። ጥያቄ ሳልጨርስ ቁም ሣጥኑን ከፈተችው። ኩፖኑን ዕለቱኑ ፈረምሁላት።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ድንገተኛው ክፍል ሞልቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቄስ በዲያቆን ተደግፈው በእግራቸው ገቡ። የቤተ ክርስቲያን ክዳን ሲጠግኑ ከመሰላል ወድቀዋል። መስቀላቸውን ዘርግተው አሳለሙኝ።

«አባ፣ እንደምን ነዎት?» ቃሉ ከአፌ አመለጠ።

«ደህና ነኝ፣ ልጄ። እግዚአብሔር ይመስገን። ሌሎቹን አስቀድም፤ እኔ እጠብቃለሁ» አሉና ወደ አግዳሚው አዘገሙ።

ያው አግዳሚ፣ ያው ጫፍ። ደም የለ፣ ጩኸት የለ። እኔም ወደሚጮኸው ዘወር ማለት ጀምሬ ነበር። ዲያቆኑ እጅጌዬን ያዘኝ። «እመት ታንጉት ምጥ የያዛት ሴት ትተው መምጣት አልሆነላቸውም። ይኸን ላኩ» ብሎ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ።

ትርታ ሰማንያ ስምንት። ከሩብ ሰዓት በኋላ መቶ አራት። ጀልባው ሊነሣ ሲል መቶ ሃያ። ሆድ በግራ በኩል ይደነድናል። ሰባቱም ተሞልቷል። ከሥር፣ ከጥያቄዎቹ ውጭ፣ በእጇ አንድ መስመር ጨምራለች፦ «ጋሼ፣ ደህና ነኝ ይሉዎታል። እንዳይሰሟቸው።»

«ቃሬዛ!» ብዬ ጮህሁ። በዚያ ክፍል ስጮኽ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ቄሱ «ኧረ ምን አደረግሁ፣ ተው ልጄ» ሲሉ አንሥተን አስገባናቸው።

ዶክተር ሰለሞን ኦፕራሲዮኑን ጨርሰው ሲወጡ «ጣፊያ ነው፤ ደርሰንበታል፣ ይተርፋሉ» አሉ። እኔ እዚያው ግድግዳው ሥር ቁጭ አልሁ። ነዳጅ ጠፍቶ በታንኳ ቢመጡ ኖሮ ገና መንገድ ላይ ነበሩ።

ዶክተሩ የታንጉትን ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡት።

«ይቺን ጣቢያ ማነው ያሳለፋት?»

«እኔ ነኝ።»

«መጀመሪያ የጣላትስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

«ደግ» አሉና ሊታጠቡ ሄዱ። ከእሳቸው አፍ ይህን ያህል ምስጋና ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ጋውኔን አውልቄ ካስቀመጥሁ ቆየሁ። አዲስ ተመዳቢዎች ምን ይመክሩናል ሲሉኝ የምላቸው አጭር ነው። ቁስለኛን ሰላም በሉት፤ ሲመልስላችሁ ግን እጁን ይዛችሁ ትርታውን ቁጠሩ።